የባር ሚጽቫ አዳራሽ ግምገማ፦ ድግሳችን ከዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጋር የገጠመበት ምሽት

የወንድሜን ልጅ ባር ሚጽቫ፣ ማለትም ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የሚከበረውን የአይሁድ ሥነ ሥርዓት፣ በአዳራሽ ያከበርነው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2022፣ እሑድ ምሽት ነበር። ያ ምሽት ሐኑካ በተባለው የአይሁድ የብርሃን በዓል የመጀመሪያው ሻማ የሚበራበት ምሽት ሲሆን፣ በኳታር ሉሳይል ስታዲየም ደግሞ አርጀንቲናና ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫን የፍጻሜ ጨዋታ የሚያደርጉበት ምሽት ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ አዳራሹ አገልግሎት ነው። ቤቱ በመሀል እስራኤል የሚገኝና የእኛ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ማኅበረሰብ ሰርግና ባር ሚጽቫ ደጋግሞ የሚደግስበት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው እኛን ያስከፋን አሠራር የአንድ ቤት ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። የወጥ ቤቱ ሠራተኞችም በአለቆቻቸው ጥፋት እንዲወቀሱ አልፈልግም።

ውሉን ከዓመት በፊት የተፈራረምነው እኔና ወንድሜ ነን። ሐሙስ ምሽት ዋጋው ስለሚወደድ እሑድን መረጥን፤ ልጁም ኦሪት የሚያነበው ከዚያ በፊት በሚውለው ሰንበት ስለነበር ሁለቱ ቀኖች መከታተላቸው ደስ አሰኘን። የዓለም ዋንጫ በዲሴምበር ይኖራል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም፤ እኛ የምናውቀው በጁንና በጁላይ የሚደረገውን ውድድር ነውና። ሆኖም የኳታር ሙቀት ውድድሩን ወደ ኖቬምበርና ዲሴምበር እንደገፋውና ፍጻሜው በዲሴምበር 18 እንደሚሆን ፊፋ ያሳወቀው ከማርች 2015 ጀምሮ ነው። እኛ አለማወቃችን የእኛ ጉድለት ይሁን። ነገር ግን ሥራው ቀን መሸጥ የሆነ ድርጅት፣ የሚሸጠው ምሽት ምን እንደተሸከመ አስቀድሞ ሊያውቅና ለገዢው ሊነግረው ይገባል። የሽያጭ ሠራተኛዋ ቀኑን በሰማያዊ ቀለም ስታከብበት «የመጀመሪያው ሻማ ነው፤ ሱፍጋኒያ በነጻ እናቀርባለን» ብላ በሐኑካ የሚበላውን በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ ቃል ገብታልን ነበር፤ ስለ ጨዋታው ግን አንዳች አልተናገረችም።

ድግሱ ለምን ይህን ያህል እንደከበደን ለመረዳት ቤተሰቤን ማወቅ ያስፈልጋል። ወላጆቼ ከጎንደር ገጠር ወጥተው እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡ ናቸው። ያን ጊዜ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ ወንድሜ በእናቴ ጀርባ ታዝሎ ነበር። ባር ሚጽቫ በዚህ መልኩ መከበሩንም ሆነ ሐኑካን ወላጆቼ ያወቁት እዚህ ከመጡ በኋላ ነው፤ በሰፈራቸው ልጅ ማደጉ የሚታየው በሥራው፣ በጾሙና በታዛዥነቱ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ላይ ነገሩን እንደ ባዕድ ልማድ ቢያየውም፣ ከጊዜ በኋላ የልጅ ልጆቹ ጣሊት የተባለውን የጸሎት መጎናጸፊያ ለብሰው በሕዝብ ፊት ሲቆሙ ማየትን ከምንም በላይ የሚወደው ነገር አደረገው። እናቴ ለዚህ ቀን በርበሬዋን ያዘጋጀችው ከስድስት ወር በፊት ነው።

በሕጉ ረገድ ድግሱ ምንም እንደማይጨምር እናውቃለን። ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው፣ ሰው ጠራም አልጠራም፣ የትእዛዛት ባለዕዳ ይሆናል፤ በሚሽና የአባቶች ምዕራፍም «አሥራ ሦስት ለትእዛዛት» ተብሎ ተጽፏል። የእኛ ልጅ ኃላፊነቱን የተሸከመው ቅዳሜ ጠዋት፣ በሰፈራችን ምኩራብ፣ «ቫዬሼቭ» የተባለውን የሳምንቱን ምንባብ ሲያነብ ነው። ምንባቡ ዮሴፍ በወንድሞቹ ተጠልቶ ወደ ጉድጓድ የተጣለበትና ወደ ግብፅ የተሸጠበት ነው። ሰንበት ስለነበር ስልክ የያዘ፣ ፎቶ የሚያነሣ፣ የሚወጣና የሚገባ ሰው አልነበረም። የምኩራቡ ወንበሮች የተሰባበሩ ናቸው፤ ማሞቂያውም አይሠራም። ነገር ግን ልጁ በአንድ ቃል ላይ ሲያመነታ ሽማግሌዎቹ በሹክሹክታ እስኪያርሙት ድረስ እያንዳንዱ ጆሮ ወደ እርሱ ያዘነበለ ነበር። በማግስቱ በብዙ ገንዘብ የተከራየነው አዳራሽ ይህንን ያህል ጸጥታ ለአሥር ደቂቃ እንኳ ሊሰጠን አልቻለም፤ ቅሬታዬም በሙሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ከመልካሙ ልጀምር፤ መልካሙ እጅግ መልካም ነበርና። የካሽሩት (የአይሁድ የምግብ ሕግ) ፈቃድ ያላቸው አዳራሾች ምግብ ከውጭ እንዲገባ ስለማይፈቅዱ፣ የእኛ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ወይ ወጡን ይተዋሉ ወይም ከተቆጣጣሪው ጋር ይጣላሉ። ይህ ቤት ግን ዶሮ ወጡ በራሱ ወጥ ቤት፣ በራሱ ድስት፣ በእኛ ሴቶች እጅ እንዲሠራ ፈቀደ። እኛ ማሽጊያሕ የምንለው የካሽሩት ተቆጣጣሪ በዕለቱ ጠዋት መጥተው እሳቱን ራሳቸው ለኮሱ፤ በርበሬው ታሽጎ እንዲመጣ አስቀድመው ያዘዙትም እርሳቸው ናቸው። ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ብርሃን ላይ እየዘረጉ ትል እንዳይኖርበት ሲፈትሹ፣ እናቴ ከጎናቸው ቆማ በአድናቆት ትመለከታቸው ነበር። ሥጋና ወተት ስለማይገናኙ ወጡ በቅቤ ሳይሆን በዘይት ነው የተቁላላው፤ ይህን በዘይት የሚሠራ ዶሮ ወጥ ለማያውቁት፣ ሽንኩርቱ ሳይቸኮል ከበሰለ ምንም የሚጎድለው እንደሌለ ላረጋግጥላቸው እወዳለሁ። የአዳራሹ ዋና ወጥ ሠሪ የሞሮኮ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ለረጅም ሰዓት ሲታመስ ቆመው አይተው ምክንያቱን ጠየቁ፤ ከዚያም ሁለት ረዳቶቻቸውን ለማማሰያው መደቡልን። እንጀራው የካሽሩት ወረቀት ካለው ጋጋሪ በሰዓቱ ደረሰ። ከሥጋው በኋላ የቀረበው ሱፍጋኒያም ወተት የሌለበት፣ ትኩስና ለስላሳ ነበር። በሕይወቴ በብዙ ድግስ ላይ ተገኝቻለሁ፤ በአዳራሽ የበላሁት ከዚህ የሚበልጥ ወጥ አላስታውስም።

አሁን ወደ አዳራሹ ውስጥ እንግባ። ጨዋታው በእስራኤል ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ጀመረ፤ የጥሪ ካርዳችን ደግሞ እንግዶችን የጠራው ለምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። በውሉ ላይ ሁለቱ ትልልቅ ስክሪኖች የልጁን የሕፃንነት ፎቶዎችና ወንድሜ ከአያቶቹ ጋር የቀረጸውን አጭር ቪዲዮ እንዲያሳዩ ተጽፏል። እኛ ስንደርስ ሁለቱም ስክሪኖች ሉሳይልን ያሳዩ ነበር። ማንም አልጠየቀንም፤ ማንም ፈቃዳችንን አላገኘም። በዚያ ሰዓት አርጀንቲና በሜሲ የፍጹም ቅጣት ምትና በዲ ማሪያ ግብ 2 ለ 0 ትመራ ነበር፤ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅም ጨዋታው እንዳለቀ እንድንቆጥረውና ልክ 1 ሰዓት ሲሆን ስክሪኖቹን ወደ ቪዲዮአችን እንደሚመልሱ ቃል ገቡልን። ሥራ አስኪያጁ በክፋት እንዳልተናገሩ አምናለሁ። ነገር ግን ኳስ እስኪያልቅ አያልቅም፤ ለአንድ ልጅ ምሽት ዋስትና የሚሆነውም የግብ ልዩነት አይደለም። በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ ምባፔ ሁለት ግቦችን አከታትሎ አስቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹ የእኛ መሆኑ ቀረ።

የቦታዎቹ ባዶነት ሌላው ሐዘን ነበር። 180 ሰው ጠርተን በ1 ሰዓት ላይ የተቀመጡት ሰባ ያህል ነበሩ፤ የቀሩት በየቤታቸው፣ በመኪና ማቆሚያው፣ በየስልካቸው ላይ ነበሩ። በእስራኤል አዳራሾች ልማድ ቤተሰቡ አነስተኛውን የእንግዳ ቁጥር አስቀድሞ ስለሚያረጋግጥ፣ ያልመጣውም ሰው ሒሳብ ይከፈላል። አዳራሹ በዚያ ምሽት ያጣው ነገር አልነበረም።

መደበኛው 90 ደቂቃ 2 ለ 2 አልቆ ተጨዋቾቹ ለተጨማሪው ሰዓት ትንሽ ሲያርፉ፣ ወንድሜ ልጁን ይዞ በመግቢያው አጠገብ ወደተዘጋጀው ሐኑኪያ፣ ማለትም የሐኑካ መቅረዝ፣ ሮጠ። ልጁ በመጀመሪያው ምሽት የሚባሉትን ሦስቱን ቡራኬዎች አሰማ፤ ሌሎቹ በሚለኮሱበት ሻማ፣ በሻማሹ፣ የመጀመሪያዋን ሻማ ለኮሰ። ከዓመት በፊት የእርሱ ቡራኬ የልጅ ልምምድ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ባለዕዳ በመሆኑ የሰማውና አሜን ያለው ሁሉ በእርሱ ድምፅ ግዴታውን ይወጣል። አባቴ ኮፍያውን አስተካክሎ ከሁሉ ቀድሞ «አሜን» ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነው፤ ያንንም ጊዜ የሰጠን የዳኛው ፉጨት እንጂ አዳራሹ አለመሆኑን ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል።

ልጁ በ1 ሰዓት ከሩብ ግድም በዘፈንና በእልልታ ወደ አዳራሹ ገባ። ስክሪኖቹ እንዲጠፉ ብንጠይቅም ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ብቻ አጥፍተው ምስሉን ተዉት፤ እንግዶች ይቆጣሉ የሚል ምክንያት አቀረቡ። ቀጥሎ የልጁ ደራሻ ነበር፤ ማለትም ስለ ሳምንቱ ምንባብ የሚያደርገው ንግግር። ሦስት ገጽ ሙሉ በራሱ እጅ የጻፈው ሲሆን፣ ርእሱ የተወሰደው ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 ነበር፤ ወንድሞቹ ዮሴፍን ወደ ጉድጓድ ከጣሉት በኋላ እንጀራ ሊበሉ መቀመጣቸው። ልጁ ሁለተኛውን ገጽ እንደጀመረ ሜሲ በተጨማሪው ሰዓት 3ኛውን ግብ አስቆጠረ። ከበረንዳው፣ ከወጥ ቤቱ በር፣ ከኋለኞቹ ጠረጴዛዎች በአንድ ጊዜ ጩኸት ተነሣ፤ አስተናጋጆቹ ሳህን እንደያዙ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ዲጄውም ማይክሮፎኑን አንሥቶ ውጤቱን አወጀ። እናቴ እጄን ይዛ «ልጆቹ ምን ሆኑ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ። ልጁ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ወደ ኋላ አጥፎ የምስጋናውን ገጽ ብቻ አንብቦ ወረደ።

ዲጄው ማይክሮፎን ማንሣቱ ለእኔ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው። እንግዳ ይሳሳታል፤ ጩኸትም ከሰው አፍ ሳያስበው ያመልጣል። ነገር ግን በቤተሰቡ ገንዘብ የተቀጠረ ሰው፣ ልጁ እየተናገረ ሳለ ከልጁ በላይ በሆነ ድምፅ ሌላ ዜና ማሰማቱ የሙያው ውድቀት ነው። ፎቶ አንሺውም ቢሆን እናቴ ጣሊቱን በልጁ ትከሻ ላይ ስታለብስ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ስለነበር፣ ያንን ቅጽበት የያዘ አንድም ፎቶ የለንም።

ምሽቱን ያቃኑት ቄሳችን፣ የማኅበረሰባችን የሃይማኖት መሪ፣ ናቸው። ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ ጃንጥላቸውንና ጭራቸውን ይዘው በክብር ጠረጴዛው ተቀምጠው ነበር። ፕሮግራሙን የሚመራው ወጣት ምርቃቱ አሁን ይሁን ብሎ ሲጋብዛቸው በእርጋታ እንዲቆይ ነገሩት። ምባፔ በ118ኛው ደቂቃ እንደገና አቻ ሲያደርግም፣ ወደ ፍጹም ቅጣት ምቶች ሲገባም ቄሳችን ከቦታቸው አልተነሡም፤ ማንንም አልገሠጹም። አርጀንቲና በቅጣት ምቶቹ 4 ለ 2 አሸንፋ ጨዋታው ሲያበቃ 2 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ደቂቃዎች ቀርተው ነበር። ጭፈራው ጥቂት እስኪበርድ ጠበቁ፤ በመኪና ማቆሚያው የነበሩት እስኪገቡ ጠበቁ። ከዚያ ተነሥተው በግዕዝ ማመስገን ሲጀምሩ አዳራሹ በሙሉ ራሱን ችሎ ቆመ። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ጸሎት እየተቀበለ፣ ልጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ የቄሱን እጅ በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ምርቃቱ ሩብ ሰዓት ያህል ዘለቀ። ከምርቃቱ በኋላ እንግዳው ሁሉ መጣ፤ ማሲንቆውም ከበሮውም ተነሣ፤ እስክስታው እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠለ። ይህን የምጽፈው ምሽቱ ሁሉ የጠፋ እንዳይመስል ነው፤ ያማረ ሁለተኛ አጋማሽ ነበረው።

ጨዋታውን ለሚወዱ እንግዶቻችንም ፍትሕ ላድርግ። ወንድሜ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ኳስ ተጫዋች ነው፤ የበዓሉ ባለቤት የሆነው ልጅም በክፍሉ ግድግዳ ላይ የ10 ቁጥር ማሊያ የሰቀለ የሜሲ አፍቃሪ ነው። በማግስቱ ሳነጋግረው ቅር ያለው ሰዎች ጨዋታውን በማየታቸው አልነበረም። «እኔም ማየት ፈልጌ ነበር፤ አንድ ሰዓት ብናዘገየው ሁላችንም አይተን ሁላችንም እንሰማ ነበር» አለኝ። የ13 ዓመት ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረውን መፍትሔ፣ በየሳምንቱ ድግስ የሚያስተናግድ ድርጅት አላሰበውም። በአዳራሹ ጎን በዚያ ምሽት ባዶ የነበረ ትንሽ የእንግዳ መቀበያ ክፍል አለ። እዚያ አንድ ስክሪን ቢተከልና ሥነ ሥርዓቱ በ2 ሰዓት እንዲጀምር አስቀድሞ ቢመከረን፣ የጥሪ ካርዱን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ነበረን።

ከድግሱ በኋላ ለአዳራሹ በጽሑፍ አቤት አልን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ደውለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ለሚቀጥለው ድግሳችን ቅናሽ እንደሚያደርጉልንም ነገሩን። ወንድሜ ቅናሹን ሳይሆን ለዲጄው የተከፈለው ገንዘብ እንዲመለስ ጠየቀ፤ ከተወሰነ ክርክር በኋላም ግማሹ ተመለሰ። ይህን በበጎ እመዘግበዋለሁ፤ ስልክ የማያነሡ አዳራሾች ብዙ ናቸውና።

በቁጥር መመዘን ካስፈለገ ለወጥ ቤቱ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለንጽሕናውና ለቦታው ስፋት 4፤ ለምሽቱ አመራር ግን ከ1 በላይ መስጠት አልችልም። ቀን ለመያዝ የምታስቡ ወላጆች፣ ከመፈረማችሁ በፊት በውሉ ላይ ስክሪኖቹ ያለ ቤተሰቡ የጽሑፍ ፈቃድ ሌላ ነገር እንዳያሳዩ፣ ማይክሮፎኑም በሥነ ሥርዓቱ ጊዜ ከመድረኩ ሰው በቀር በማንም እጅ እንዳይገባ አስጽፉ። የአይሁድን የቀን መቁጠሪያ ስታዩ የስፖርቱንም አብራችሁ እዩ። የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ በሰሜን አሜሪካ ከጁን 11 እስከ ጁላይ 19 የሚካሄድ ሲሆን፣ በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት ብዙዎቹ ጨዋታዎች በእስራኤል በምሽትና በሌሊት የሚውሉ ናቸው። ፍጻሜው የቤተ መቅደሱ መፍረስ ከሚታሰብበት ጾም ከቲሻ በአቭ በፊት ባሉት ዘጠኝ የሐዘን ቀናት ውስጥ ስለሚውል በዚያ ምሽት የሚደግስ አይኖርም፤ የጁን ምሽቶች ግን ድግስ የሚበዛባቸው ናቸው።

ያልተነበበው ሁለተኛው ገጽ በሁለተኛው የሐኑካ ምሽት በወላጆቼ ቤት ተነበበ። ልጁ በዕብራይስጥ እያነበበ፣ ወንድሜ ለእናቴ በአማርኛ እየተረጎመላት ነበር። ገጹ የሚለው የዮሴፍ ወንድሞች ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በምዕራፍ 42፣ እንደተናዘዙ ነው፤ ሲለምናቸው የነፍሱን ጭንቀት አይተው እንዳልሰሙት። እናቴ ትርጉሙን ሰምታ ስትጨርስ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲደግምላት ጠየቀችው፤ እርሱም ደገመላት።

የልጁ ታናሽ ወንድም አሁን አሥር ዓመቱ ነው። ወንድሜ ወደዚያ አዳራሽ መመለስ አይፈልግም፤ እናቴ ግን እነዚያ ተቆጣጣሪና እነዚያ ወጥ ሠሪ እዚያው ካሉ ሌላ ቦታ አታስቡ ብላናለች። እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ነገር ግን ውሉን በዚህ ጊዜ የምናረቅቀው እኛ ነን።